ሽማግሌዎቹ ቆመው፣ ኔትወርኩ ተኝቶ

ከዚያች ቅዳሜ በፊት ድምፄን በደንብ ሰምቻለሁ የሚል ሰው ደባርቅ ውስጥ አልነበረም። ሱቅ ሄጄ ሳሙና ስጠይቅ ባለሱቁ መጀመሪያ «ምን አልሽ?» ይለኛል፤ ቀጥሎ በባንኮኒው ላይ ተንጠራርቶ ጆሮውን ያቀርብልኛል፤ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ «በይ በጣትሽ አሳይኝ» ይለኛል። አሳይቼ እገዛለሁ። ኩራት አልነበረም። ቃሉ ከልቤ በደህና ይነሣና ከንፈሬ ጋ ሲደርስ ደጅ ላይ እንደሚያፍር እንግዳ ቆሞ ይቀራል። ይህን ሁሉ የምታወራው ያቺ ዝምተኛ ናት ወይ እንዳትሉ፣ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከመነሻው ልንገራችሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው። የተወለድኩት ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አባቴ ሞተ፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። አክስቴ እትዬ እታገኝ ወደ ደባርቅ ወሰዱኝ። እትዬ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች የሚያከራዩዋት ትንሽ ፔንሲዮን አለቻቸው። የእኔ ሥራ አልጋ ማንጠፍ፣ አንሶላ ማጠብና ለእንግዶች የዋይፋዩን የይለፍ ቃል መስጠት ነበር። ከሁሉም የሚከብደኝ የመጨረሻው ነው። መናገሩን ስለምፈራ በቁራጭ ወረቀት እየጻፍኩ ትራስ ላይ አስቀምጥ ነበር።

ከተራራ የወረደ እንግዳ መጀመሪያ ውኃ የሚጠይቅ ይመስላችኋል። አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዋይፋይ ነው። የእትዬ መስመር ደግሞ ከምሰሶ በሽቦ የሚመጣ ነው። ደህና ቀን ደህና ነው፤ ነገር ግን ከምሰሶው እስከ ቤታችን ያለው የራሳችን ሽቦ አርጅቶ መገጣጠሚያው ውኃ ይጠጣል። በሊማሊሞ በኩል ደመና ሲነሣ ኢንተርኔታችንም ተነሥቶ ይሄዳል። ከግድግዳው ወዲያ ስልክ የሚጠግነው አስማማው አለ። የእሱ መስመር የሌላ ድርጅት ነው፤ በሲም ካርድ ይሠራል። ዝናብ አይፈራም። የገበያ ቀን ሰው ሲበዛ ግን ይንቀራፈፋል፤ ፓኬጁም ቶሎ ያልቃል።

አንድ ቀን እንግዳ አኩርፎ ሲወጣባቸው እትዬ አስማማውን አስጠሩት።

«እትዬ፣ ሽቦው መቀየር አለበት» አላቸው። «እስከዚያው ሌላ መስመር ቢያስገቡ ጥሩ ነው። አንዱ ሲተኛ አንዱ እንዲሠራ።»

«ሁለት? አንዱን በስንት መከራ ይዤ! አንተስ ለምን ሁለት አታስገባም?»

«እኔማ ከየት አምጥቼ?»

እኔ ጥግ ላይ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ የነበረው አንድ በሬ ነው። ጎረቤታችንም እንዲሁ አንድ። አንድ በሬ ብቻውን አይጠመድም፤ ስለዚህ ሁለቱን አቀናጅተው ተራ በተራ የእኛንም የእነሱንም ያርሱ ነበር።

«መቀናጆ» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አለ አስማማው።

«ምንም።»

«የለም፣ አንድ ነገር ብለሻል።»

«መቀናጆ» አልኩ እንደገና፤ ለእሱ ሳይሆን ለአንሶላው።

አስማማው ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ቆረጠና ግድግዳውን ያይ ጀመር። በማግስቱ በጭቃው ግድግዳ አንዲት ቀዳዳ በሳ፤ ገመድ አሳለፈ፤ ሁለት መስመር መቀበል የሚችል ያገለገለ ራውተር ከጎንደር አስመጣ። ቀንበራችን እሱ ሆነ። የእትዬን መስመር ቡሬ፣ የእሱን ዳልቻ ብለን ስም አወጣንላቸው። ቡሬ ሲወድቅ ዳልቻ ይጎትታል፤ ዳልቻ ሲደክም ቡሬ። ሁለቱም ቤት ይበላል።

ራውተሩ የተቀመጠው ጓዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በሬዎቹን መፈተን የእኔ ሥራ ሆነ።

«ቡሬን ልፈታው ነው» እላለሁ በቀዳዳው።

«ፍቺው» ይላል ከወዲያ።

«ዳልቻ ሳበ?»

«ሳበ። ጎበዝ በሬ ነው፣ እንደ ባለቤቱ።»

በቀዳዳ ማውራት ቀላል ነው። ፊቱን አላይም፤ ፊቴን አያይም። ፈተናው እየረዘመ ሄደ። መጀመሪያ ስለ በሬዎቹ፣ ቀጥሎ ስለ እንግዶቹ፣ ቀጥሎ ስለ ምንም። እትዬ «ይቺ ልጅ ጓዳ ገብታ ምን ትሠራለች?» ሲሉ እሰማለሁ።  አንድ ቀን «ትርንጎ፣ ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ።

ድምፄ እንደ ልማዱ ደጅ ላይ ቆመ። ምን ላድርግ? ገመዱን ያዝኩና ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረግኩት። የእንግዶቹ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ግቢው በጩኸት ተሞላ። እሱ ግን ገብቶታል፤ ከወዲያ ሲስቅ ሰማሁት።

አሁን ወደ ቅዳሜዋ ልምጣ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ የእኔ ነገር የሚወሰነው በታላቅ ወንድሙ ነው። አዲ አርቃይ ላይ ዳዊትና ዜማ ያስተምራሉ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ችግሩ እዚያው አዲ አርቃይ ለእኔ ያሰበ ሌላ ሰው መኖሩ ነው። ሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ አይሱዙ አለው፤ እኔን አንድ ጊዜ በለቅሶ ቤት አይቶኝ «ዝምተኛ ሚስት ነው የምፈልገው» አለ አሉ። የእሱ ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ዘንድ ሊቀርቡ ተዘጋጅተዋል። የኔታ ደግሞ ቃል አንዴ ከሰጡ ሰማይ ቢታረስ አይመልሱም። ለእትዬ «ቅዳሜ ደባርቅ እመጣለሁ፤ የሚጠይቅ ካለ ያን ቀን ይጠይቀኝ» ብለው ልከው ነበር። ቅዳሜ ካልተጠየቁ፣ እሑድ እኔ የአይሱዙው ነኝ ማለት ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ዝናብ እያካፋ፣ የአስማማው ሽማግሌዎች ከዳባት መጡ። ሦስት ናቸው። ዋናው ቃል አቅራቢ አያ ሞገስ፣ አንድ ቄስ መምሬ አያሌው፣ ሌላው እስከ መጨረሻው ዝም ያሉ ረጅም ሰውዬ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው አዳራሹ ውስጥ ቆሙ። የሽምግልና ወግ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የልጅቱ ወገን «ተቀመጡ» ሳይል ሽማግሌ አይቀመጥም። ቃሉ የሚሰማ ከሆነ ይቀመጣሉ፤ ካልሆነም እንደቆሙ ይመለሳሉ።

እኔ ጓዳ ገብቼ ከመጋረጃው ኋላ ተደበቅኩ። ልጅቱ በዚያ ቀን አትታይም።

ይህን ጊዜ የእትዬ ስልክ ጮኸ። የኔታ ናቸው። ዛሪማ ላይ መንገድ አጥተው አንድ ሻይ ቤት ገብተዋል። ሌሊት የጣለው ዝናብ ሊማሊሞ ላይ ድንጋይ ደርምሶ መንገዱን ዘግቶታል፤ የሚጠርገው መኪና ነገ ነው የሚደርሰው።

እትዬ ለሽማግሌዎቹ ነገሯቸው። «በስልክ ያነጋግሯቸው» አሉ።

«ሽማግሌ በስልክ?» አሉ አያ ሞገስ። «እታገኝ፣ ድምፅ ብቻማ ማንም ይሆናል። ፊት ሳላይ ለማን ነው የምለምነው?»

እትዬ ይህንኑ ለየኔታ ነገሯቸው። የየኔታ መልስ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ድረስ ተሰማ፤ «እውነታቸውን ነው። እኔስ ቆመው ሳላያቸው እንዴት ተቀመጡ እላቸዋለሁ?»

 መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልቤ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ቆላ ሲወርድ ታየኝ።

ድንገት እትዬ «በቪዲዮ ነዋ» አሉ። «የኔታ ያሉበት የሻይ ቤቷ ሴትዮ ደህና ስልክ አላት።» ከዚያ መጋረጃውን ገልጠው በሹክሹክታ፣ «አንቺ፣ በሬዎችሽን ጥመጂ» አሉኝ።

የፔንሲዮኑ ላፕቶፕ እንግዶች ኳስ ከሚያዩበት ቴሌቪዥን ጋር እንደተገናኘ ነበር። እትዬ ደወሉ። መጀመሪያ ጥምጣም ታየ። ቀጥሎ አፍንጫ። «ትንሽ ራቅ ያድርጉት፣ የኔታ» ትላለች የሻይ ቤቷ ሴት። በመጨረሻ የኔታ ሙሉ ሆነው ቴሌቪዥኑን ሞሉት። ከኋላቸው ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ቆማለች።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ» አሉ አያ ሞገስ፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቤተሰብ ደህና? ከብቱ፣ አዝመራው?»

«ሁሉም ደህና። የኔታ፣ የመጣነው ልጅ ልንሆንዎ ነው። ልጃችን አስማማው ለልጅዎ ለትርንጎ...»

የኔታ ቀኝ እጃቸውን አነሡ። መዳፋቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሯል። ዓይናቸው ተጨፍኗል። እንደዚያው ቀሩ።

አያ ሞገስ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። መምሬም ጠበቁ። የተማረ ሰው ከመመለሱ በፊት ዝም ይላል፤ የየኔታ ዝምታ ደግሞ የታወቀ ነው። ግን ረዘመ። በጣም ረዘመ።

«አስማማው» አልኩ በቀዳዳው። «የኔታ እጃቸውን አነሡ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ተመለሱ ማለት ይመስላል።»

 በጣም ቀስ ብሎ፣ «መብራቶቹን እያቸው» አለኝ።

አየኋቸው። ቡሬ አረንጓዴ፤ ዳልቻ አረንጓዴ። «ሁለቱም ደህና ናቸው» አልኩት። ለራሴም እንደዚያ አልኩ፤ አለቀ። በሬዎቹ ቆመዋል፤ እንቢ ያሉት የኔታ ናቸው።

አዳራሹ ውስጥ አያ ሞገስ ዱላቸውን አነሡ። «እጅ ተነሥቶብናል፤ ያየነው በቂ ነው» አሉ። «እታገኝ፣ አንቺን አልተቀየምንም። እንሂድ።» ረጅሙ ሰውዬ በሩን ከፈቱ።

በመጋረጃው ስንጥቅ ለመጨረሻ ጊዜ የየኔታን ፊት ላይ ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ። ከዚያ ዶሮዋን አየሁ።

ዶሮዋ ከጠረጴዛው ልትወርድ ዘላለች። ክንፏ ተዘርግቷል፤ እግሮቿ ወደ ኋላ ተዘርግተዋል። አየር ላይ ናት። አልወረደችም። እኔ ገጠር ያደግኩ ነኝ፤ ዶሮ ሲዘል አይቻለሁ፤ አየር ላይ ቆሞ የሚያስብ ዶሮ ግን አላየሁም።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ብቻ መጋረጃው ወደ ኋላ ቀርቶ እኔ ነጠላዬ ተንሸራቶ አዳራሹ መሐል ቆሜያለሁ። እኔን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ዞረው አዩኝ። እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ዶሮዋ» አልኩ።

«ምን አለች?» አሉ አያ ሞገስ።

«ዶሮዋን እዩዋት» አልኩ። አሁን ተሰማ። «የኔታ እንቢ አላሉም። ዶሮዋ አየር ላይ ቆማለች። ኔትወርኩ ነው።»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። መምሬ መነጽራቸውን አወጡ፤ ዶሮዋን ከክንፏ እስከ ጅራቷ መረመሯት። «እውነት ነው» አሉ። «ይህች ዶሮ ከተነሣች ቆይታለች።»

ሮጬ ጓዳ ተመለስኩ። «አስማማው፣ ቡሬ ቆሟል እንጂ አያርስም!»

ገብቶት በጭንቅላቱ ግድግዳውን ሲመታ ሰማሁ። ራውተራችን የሚያየው ገመዱ መሰካቱን ብቻ ነበር። ገመዱ ተሰክቷል፤ መብራቱ በርቷል፤ ስለዚህ ቡሬ ይሠራል ብሎ አምኗል። ከዚያ ወዲያ፣ የራሰው መገጣጠሚያ ላይ፣ ነገሩ ሞቷል። በየቀኑ በሬዎቹን ስንፈትን ገመዱን የምነቅለው እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ በየቀኑ ፈተናውን ያልፉ ነበር። በሬ ሳይወድቅ ቆሞ ሊለግም እንደሚችል ሁለታችንም አላሰብንም። ሁለት የገበሬ ልጆች፣ አስቡት።

የቡሬን ገመድ ነቀልኩት። ዳልቻ ያዘ። የየኔታ ምስል ተንቀሳቀሰ፤ ዶሮዋ ወረደች፤ ሽማግሌዎቹ «ተመስገን» አሉ። ወዲያው ግን ምስሉ እንደ ሽሮ ፍትፍት ሆነ። ድምፁም «ተ... ተ... ተ...» ብቻ።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ብዙ ሰው እየሳበኝ ነው» አለ አስማማው። «ከእናንተ ግቢ የሆነ ሰው ትልቅ ነገር እየላከ ነው። ፓኬጄን ሊጨርሰው ነው!»

ተራራው ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲቀርጹ የሰነበቱ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ካሜራ ያነገቱ ሦስት ልጆች ነበሩን። ከጓሮ በኩል ወጥቼ በራቸውን አንኳኳሁ። አንደኛው ከፈተልኝ።

«ጭላዳዎቹን ታቆሙልኝ?» አልኩት።

«የትኞቹን ጭላዳዎች?»

«የምትልኳቸውን። ቪዲዮውን። ሽማግሌ ቆሟል።»

«የማን ሽማግሌ?»

«የእኔ።»

ልጁ አየኝ። ዞሮ ጓደኞቹን አየ። «ላፕቶፖቻችሁን ዝጉ» አላቸው። «ጭላዳው ነገም ጭላዳ ነው። ሙሽራ ትቅደም።» ሦስቱም ላፕቶፓቸውን ሲዘጉ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ዝም ብለው መቀመጥ ስላልቻሉ ተከትለውኝ መጥተው በመስኮት ያዩ ጀመር።

ጓዳ ስደርስ ምስሉ ጠርቶ ነበር። የኔታ ግን ፊታቸው ጠቁሯል።

«እኔ ሦስት ጊዜ ተቀመጡ ብያለሁ» ይሉ ነበር። «ሦስት ጊዜ! ሐውልት ይመስል ቆመው ያዩኛል። እንዲህ ያለ ኩሩ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ቤት ልጅ አልሰጥም።»

ለካ እሳቸውም ያዩት ስልኩ ላይ ደርቀው የቀሩትን ሽማግሌዎች ነው። እዚህ እኛ «እጅ ተነሣብን» ስንል፣ እዚያ እሳቸው «አንቀመጥም አሉኝ» ይሉ ነበር።

«የኔታ፣ አልሰማንም» አሉ አያ ሞገስ። «እጅዎን ሲያነሡብን አይተን ልንሄድ ነበር።»

«እኔ? እኔ እጄን ያነሣሁት ለዝንብ ነው። ዛሪማ ዝንብ አለ።»

ሁለቱ ወገኖች ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው የሻይ ቤቷ ሴት ናት፤ ስልኩ በእጇ ሲንቀጠቀጥ የኔታም አብረው ወዲያና ወዲህ ይሉ ነበር። ከዚያ መምሬ፤ ከዚያ እትዬ። የኔታ ጥርሳቸውን ነክሰው ቆዩና ለቀቁት።

«ተቀመጡ» አሉ።

ሦስቱም ዘፍ ብለው ተቀመጡ። እንዲህ ቶሎ የተቀመጠ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።

«እንግዲህ የልጁን ዘር ቁጠሩልኝ። ሰባት ቤት» አሉ የኔታ። «ዝምድና እንዳይኖረን።»

አያ ሞገስ ተመቻቹ። «አስማማው ተገኘ። ተገኘ ዓለሙ። ዓለሙ ወርቁ...»

«ትርንጎ» አለ አስማማው በቀዳዳው። «ፓኬጁ እያለቀ ነው። ጭላዳዎቹ በልተውታል።»

ወደ ውጭ አየሁ። ዝናቡ አቁሟል፤ ፀሐይ ምሰሶው ላይ ወጥታለች። «ቡሬን ልሞክረው?»

«ሞክሪው። አሁን በመብራቱ አትመኚ። በስልክሽ ከራሱ ከቡሬ ዋይፋይ ጋር ብቻ ተገናኚና የሆነ ነገር ክፈቺ፤ ከከፈተልሽ ነው የሚያርሰው።»

ከፈትኩ። ቀስ ብሎ መጣ፤ ግን መጣ። አዳራሹ ውስጥ «ዓለሙ ወርቁ፣ ወርቁ...» ሲሉ የቡሬን ገመድ መልሼ ሰካሁት፤ የዳልቻን ነቀልኩት።  ቴሌቪዥኑ ላይ የኔታ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ደረቁ። ዶሮዋ አንድ እግሯን አንሥታ ቀረች። ከዚያ ዶሮዋ እግሯን መሬት አደረገች።

«ቆይ» አሉ የኔታ። «ከወርቁ ወደ ደስታ ዘላችሁ። መሐል አንድ ሰው ጎደለ።»

«ረታ ነው፣ የኔታ» አሉ አያ ሞገስ። «ወርቁ ረታ፤ ረታ ደስታ።»

«ይኸው፤ አሁን ሞላ።»

ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ስንሻገር የጠፋብን አንድ ምንዥላት ብቻ ነው። «ረታን ብቻ ነው የጣልነው» አልኩት አስማማውን በቀዳዳው። «ነፍሱን ይማረው፤ ይቅር ይለናል» አለኝ።

ዘሩ ተቆጥሮ አለቀ፤ አልተገናኘንም። የኔታ ጺማቸውን ዳሰሱ።

«ልጅቷ ትምጣ» አሉ። «የእሷን ቃል ሳልሰማ የእኔን አልሰጥም።»

እትዬ ጎትተው አወጡኝ። ቴሌቪዥኑ ፊት አቆሙኝ። ሽማግሌዎቹ ከኋላዬ፣ የአዲስ አበባ ልጆች በመስኮት፣ አስማማው በቀዳዳው።

«ትርንጎ፣ ይህን ልጅ ትፈልጊዋለሽ?»

«እሺ» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ «አዎ» አልኩ።

«ይቆራረጣል፤ ምን አልሽ?»

ዞር ብዬ እትዬን አየሁ። «ጮክ በይ» አሉኝ በዓይናቸው። ቡሬ እንደገና ሊተኛ ነው፣ ዳልቻ ባዶውን ነው፤ አሁን ካልተናገርኩ እሑድ ይመጣል፤ አይሱዙው ይመጣል። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እወደዋለሁ አልኩዎት!»

ድምፁ ከእኔ ነው የወጣው። ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ እኔው ራሴ ሰማሁት። ደጅ የታሰረች በቅሎ ደነበረች። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ተሰማ፤ በኋላ እንደነገረኝ የሰው ስልክ መስታወት ነው። ረጅሙ ሽማግሌ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ፤ «ዳባት ድረስ ተሰምቷል» አሉ።

የኔታ ዝም አሉ። ሁላችንም ፈጥነን ዶሮዋን አየን። ዶሮዋ እየጫረች ነው።

«በመጀመሪያውም ሰምቼ ነበር» አሉ የኔታ።

«ታዲያ ልጅቷን ምን አስጮኋት?» አሉ እትዬ።

«ይህች ልጅ ክርስትና ስትነሣ ካለቀሰችው ወዲህ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም፣ እታገኝ። አባቷም ሳይሰማው ሞተ። እኔ እንኳ ልስማው ብዬ ነው።» ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። «ሰጥቻለሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

ምርቃቱን በግዕዝ ጀመሩ። ረጅም ነበር። ቡሬ እስከ «አሜን» አደረሰው።

በማግስቱ እሑድ የኔታ ከዛሪማ ወደ አዲ አርቃይ ተመለሱ። የነጋዴውን ሽማግሌዎች ደጃቸው ላይ ቆመው አገኟቸው። «ዘገያችሁ» አሏቸው አሉ። «ትናንት በአየር ቀደሟችሁ። ደግሞም ልጅቷ ዝምተኛ አይደለችም።»

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሰዎች፣ ምናልባት ከመካከላችሁ እንደ እኛ ሁለት መስመር ለመያዝ አቅም የሌለው ይኖር ይሆናል። ከጎረቤታችሁ ጋር ተቀናጁ፤ አታፍሩም። ግን የእኛን ስሕተት አትድገሙ። መብራቱን አትመኑ። አስማማው አሁን ራውተሩን ደግሞ አስተካክሎታል፤ በየጊዜው ሩቅ ወዳለ ቦታ «አለህ?» ብሎ ይልካል፤ መልስ ካልመጣለት ያለምንም ይሉኝታ በሬ ይቀይራል። ይህን ሲያስረዳኝ ስለ ራሴ ያወራ መሰለኝ። እኔም እኮ ዕድሜዬን ሙሉ መብራቴ የበራ፣ ገመዴ የተሰካ፣ ድምፄ ግን የማይደርስ መስመር ነበርኩ። የሚያየኝ ሁሉ ደህና ናት ይል ነበር። «አለሽ?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱ እስኪመጣ ሦስት ጊዜ የጠበቀኝ የኔታ ናቸው። በአካባቢያችሁ ዝም የሚል ሰው ካለ፣ እባካችሁ እንደ ሰማችሁ አድርጋችሁ አትለፉት። «አልሰማሁም» በሉት።

ሱቁ ጋ አሁን በጣቴ አላሳይም። ባለሱቁ እንዲያውም «ቀስ በይ፤ ደንበኛ ታስደነግጫለሽ» ይለኛል። የገመዱ ቀዳዳም ሰፍቶ በር ሆኗል፤ ሁለቱ ቤት አንድ ቤት ነው። ራውተሩ እዚያው ጓዳ፣ በሩ ጥግ ተቀምጧል። ሽቦውንም ቀይረነዋል፤ ቡሬ ዝናብ አይፈራም። ይሁንና ዳልቻን አልፈታነውም።

የይለፍ ቃሉንም ወረቀት ላይ መጻፍ ትቻለሁ። ከተራራ የወረዱ እንግዶች፣ አቧራ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ባንኮኒው ላይ ይደገፉና «እህት፣ የዋይፋዩ ቃል ምንድን ነው?» ይሉኛል።

«ተቀመጡ» እላቸዋለሁ፣ በሙሉ ድምፄ።

አመስግነው ይቀመጣሉ። ቃሉን እስክነግራቸው ደግሞ ይጠብቃሉ።